አልቡከርክን የሻረው የንጉሡ ምቀኝነት ነው ወይስ የኮቺን ደብዳቤ?

ጥያቄው፦ «የፖርቱጋል የህንድ እንደራሴ የነበረው አፎንሶ ደ አልቡከርክ ጎዋን፣ ማላካንና ሆርሙዝን በአምስት ዓመት ውስጥ ከያዘ በኋላ ንጉሡ በዝናው ቀንቶ ሻረው፣ እሱም በሐዘን ሞተ የሚል አንብቤያለሁ። ዓባይን አቅጣጫ አስቀይሮ ግብጽን ሊያስጠማ አስቦ እንደነበርም ሰምቻለሁ። የወደቀው በእንዲህ ዓይነቱ ቅዠት ነው? ለሁለተኛ ዲግሪ ኮርስ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ስለሆነ አንድ ዋና ምክንያት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

በጥያቄው ውስጥ ሦስት ስሕተቶች አሉ፤ ጽሑፉ ከመጀመሩ በፊት ካልታረሙ ያበላሹታል። አልቡከርክ እንደራሴ ሆኖ አያውቅም። የህንድ የመጀመሪያው እንደራሴ ከእሱ በፊት የነበረው ፍራንሲስኮ ደ አልሜይዳ ነው፤ አልቡከርክ እስከ ዕለተ ሞቱ «ገዢ» ብቻ ነበር። ንጉሥ ማኑኤል ቀንቶ ሻረው የሚለውም በሰነድ አይቆምም፤ የገዢነቱ ዘመን እንደ ልማዱ ሦስት ዓመት ነበር፣ እሱ ግን ስድስት ዓመት ተቀምጧል። ስለ ዓባይ የሰሙት እውነት ነው፣ ሐሳቡ ነበረው። ከሹመቱ የወረደው ግን በዚያ አይደለም፤ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ስላለ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አጭሩ መልሴ ይህ ነው፦ አልቡከርክን የጣለው ኮቺን በተባለችው የህንድ ወደብ ላይ የተቀመጡት የገዛ ንጉሡ ሹማምንት በየዓመቱ የሚልኩት ክስና ደብዳቤ ደርሶ መልስ ለማግኘት ሁለት ዓመት ሊጠጋ የሚፈጀው የባሕር መንገድ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ካላዩ ውድቀቱ ተረት ይሆንብዎታል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ የአውሮፓ ናቸው። ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ጋር ሲያነጻጽሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ እንዳይረሱ።)

ሰውየው ወደ ላይ የወጣው ዘግይቶ ነው። በ1453 ገደማ ከሊዝበን አጠገብ ተወለደ፣ በቤተ መንግሥት አደገ፣ በሰሜን አፍሪካ ተዋጋ፣ የንጉሥ ዡዋው ሁለተኛ የፈረስ ባልደራስ ሆነ። ወደ ህንድ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1503 ሲሄድ ሃምሳ ዓመት ሞልቶት ነበር፤ በዚያን ዘመን በዚያ ዕድሜ ሰው ኑዛዜውን ነው የሚያሰናዳው። በ1506 በትሪስታው ዳ ኩኛ የሚመራ የመርከብ ጓድ ውስጥ ሆኖ ዳግመኛ ሲነሣ ኪሱ ውስጥ የታተመ የንጉሥ ደብዳቤ ነበር፦ የአልሜይዳ ዘመን ሲያበቃ ተኪው አንተ ነህ የሚል። መውጫው ይህች ወረቀት ናት። አጀብ አልነበረውም፣ ህንድ ውስጥ የእኔ የሚለው ወገንም አልነበረውም፤ የነበረው የንጉሡ ፊርማ ብቻ ነው። በፊርማ የወጣ በፊርማ ይወርዳል።

ጠላቶቹን ያፈራው ገዢ ከመሆኑ በፊት መሆኑን ብዙ ጸሐፊዎች ይዘሉታል። በ1507 ሶኮትራ ከተያዘች በኋላ ጥቂት መርከቦችና አምስት መቶ የማይሞሉ ሰዎች ይዞ ወደ ሆርሙዝ ዞረ። በመንገዱ የዖማንን የባሕር ዳር ከተሞች አቃጠለ፣ የምርኮኞችን አፍንጫና ጆሮ አስቆረጠ። ሆርሙዝን አስገበረና ምሽግ ማሠራት ጀመረ። እዚያ ላይ የገዛ ካፒቴኖቹ አመፁ። እነሱ የመጡት ከቀይ ባሕር የሚወጡ የንግድ መርከቦችን አድፍጠው ሊዘርፉና ድርሻቸውን ሊካፈሉ ነው፤ እሱ ግን በዚያ ሐሩር ድንጋይና ኖራ ያሸክማቸዋል። በ1508 መጀመሪያ ሦስት ካፒቴኖች ከነመርከባቸው ጥለውት ወደ ህንድ ሄዱና ለአልሜይዳ ክስ አቀረቡ። ምሽጉ ሳያልቅ ቀረ።

ይህን ክስተት እንደ ተራ የዲሲፕሊን ችግር አይዩት። የፖርቱጋል የባሕር ግዛት ከመነሻው ሁለት ልብ ነበረው። አንዱ ወገን «ቁንዶ በርበሬውን ግዛ፣ ጭነህ ላክ፣ መንገድ ላይ ያገኘኸውን ዝረፍ» ይላል። ሌላው «የባሕሩን በሮች ያዝ፣ ምሽግ ሥራ፣ ሕዝብ አስፍር» ይላል። ካፒቴኖቹ በአብዛኛው የመጀመሪያውን የሚመርጡት ደሞዛቸው ትንሽ ሆኖ ጥቅማቸው በግል ጭነትና በምርኮ ድርሻ ላይ ስለነበረ ነው፤ ሹመታቸውም አጭር ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባላችን የሊዝበን ሰዎችን ፍልስፍና ሳያዛንፍ ይገልጸዋል። ምሽግ የሚሠራ ሰው ግን ለሚቀጥለው ሰው ነው የሚሠራው።

በ1508 ማብቂያ ላይ ደብዳቤውን ይዞ አልሜይዳ ፊት ሲቀርብ እንደራሴው አልለቅም አለ። ልጁ ሎሬንሶ በዚያው ዓመት ቻውል ላይ በግብጽ ማምሉኮች መርከቦች ተገድሎበት ስለነበር መጀመሪያ ደሙን ልመልስ አለ፤ በ1509 ፌብሩዋሪ ዲዩ ላይ መለሰም። ከዚያም በኋላ ግን ሥልጣኑን አላስረከበም። ከሆርሙዝ የሸሹት ካፒቴኖች ጆሮው ሥር ናቸውና አልቡከርክን ካናኖር ምሽግ ውስጥ አሳሰረው። ሊዝበን የሾመችውን ሰው ህንድ ያሉ ፖርቹጊዞች አሰሩት ማለት ነው። ያስፈታው በ1509 መጨረሻ ትልቅ ጓድ ይዞ የመጣው ዘመዱ ማርሻል ፌርናንዶ ኮቲኞ ነው፤ ኖቬምበር ላይ አልቡከርክ ገዢነቱን ተረከበ።

ኮቲኞም ቢሆን ራሱን የቻለ ሥልጣን ነበረው። በ1510 ጃንዋሪ ካሊከትን ካልመታሁ ብሎ ገባ፣ ሰዎቹ በቤተ መንግሥቱ ምርኮ ሲዘናጉ ተከበቡ፣ ማርሻሉ ራሱ ተገደለ፣ አልቡከርክም ክፉኛ ቆስሎ ወጣ። ሽንፈቱ ሽንፈት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ህንድ ውስጥ ከአልቡከርክ ጋር ሥልጣን የሚጋራ ሰው አልቀረም። ወደ ላይ መውጣቱን ስትጽፉ ይህን አጋጣሚ አትዝለሉት።

አሁን ወደ ጎዋ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የማወራው ለውድቀቱም ቁልፉ እሷ ስለሆነች ነው። ጎዋን በመጀመሪያ የያዛት በ1510 መጀመሪያ፣ ቲሞጂ በተባለ የአካባቢው የባሕር አለቃ ምክር ነው፤ ያለ ብዙ ደም ገባ። ግንቦት አካባቢ የከተማዋ ጌታ የነበረው የቢጃፑር ሱልጣን ጦር መጥቶ አስወጣው። ሸሽቶ መርከቦቹ ላይ ሲወጣ የክረምቱ ነፋስ ተነሥቶ የወንዙ አፍ ተዘጋ፤ ወደ ባሕር መውጣት አይቻልም፣ ወደ ከተማው መመለስም አይቻልም። እስከ ኦገስት ድረስ በወንዙ ላይ ከሁለት በኩል እየተተኮሰባቸው ተራቡ፤ አይጥ እስከ መብላት ደረሱ። በዚህ መሐል ሩይ ዲያስ የተባለ መኳንንት በመርከብ ላይ ከሚጠበቁት ምርኮኛ ሴቶች ጋር ተገኘ ተብሎ እንዲሰቀል አዘዘ። ካፒቴኖቹ ተንጫጩ፣ እሱም አንዳንዶቹን በሰንሰለት አሰረ፣ ሰውየውም ተሰቀለ። ታላቁ ባለቅኔያቸው ካሞይሽ እንኳ ከስድሳ ዓመት በኋላ አልቡከርክን እያወደሰ መጥቶ እዚህ ሲደርስ ይወቅሰዋል።

በዚያው ዓመት ዲዮጎ ሜንደስ ደ ቫስኮንሴሎስ የሚባል ካፒቴን ወደ ማላካ እንዲሄድ በንጉሡ ታዝዞ መርከቦች ይዞ መጣ። አልቡከርክ መርከቦቹን ለጎዋ ስለፈለጋቸው አስቀረው። ሰውየው ሳይፈቀድለት ለመሄድ ቢሞክር መልሶ ያዘው፣ የመርከብ መሪዎቹን ሰቀለ፣ እሱንም አስሮ ወደ ፖርቱጋል ሰደደው። ስሙን ይያዙልኝ፤ ይመለሳል።

ኖቬምበር 25 ቀን 1510 ጎዋ ዳግመኛ ተያዘች። የተደረገውን ለማለዘብ አይሞክሩ፦ ሙስሊሙ ነዋሪ ወንድ ሴት ሳይለይ ለቀናት ታረደ። ይህን የሚነግረን ጠላቱ አይደለም፤ ራሱ ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ የሞቱትን ወደ ስድስት ሺህ አድርጎ በኩራት ነው ያወራው። ይኸው ሰው ለሂንዱዎቹ መሬታቸውን አስጠበቀ፣ ግብር ቀነሰ፣ ባል የሞተባት ሴት ከሬሳው ጋር የምትቃጠልበትን ልማድ ከለከለ፣ ገንዘብ አስቀረጸ፣ ወታደሮቹንም የአገሩን ሴቶች እንዲያገቡ ጥሎሽ እየሰጠ አሰፈራቸው። ሁለቱም እሱ ነው። ጽሑፍዎ አንዱን ይዞ ሌላውን ከጣለ መምህርዎ ቢመልስብዎት አይፍረዱበት።

ማላካን በ1511 ኦገስት፣ ከአንድ ሺህ ጥቂት በሚበልጡ ሰዎች ያዘ። የቅርንፉድና የገውዝ መንገድ ቁልፍ ነበረች። ሲመለስ ፍሎር ደ ላ ማር የተባለችው መርከቡ ከነምርኮዋ ሱማትራ አጠገብ ሰጠመች፤ እሱ ነፍሱን ብቻ ይዞ ወጣ። ሀብት አዳኞች ዛሬም ይፈልጓታል፤ ለእርስዎ ጥያቄ ግን አትጠቅምም።

የሚጠቅመው ኮቺን ነች። ኮቺን የፖርቹጊዞች የመጀመሪያዋ ወዳጅ ወደብ ነበረች፤ ቁንዶ በርበሬው የሚመዘነው፣ ገንዘቡ የሚቆጠረው፣ መርከቦቹ ወደ ሊዝበን የሚጭኑት እዚያ ነው። እዚያ የተቀመጡት አለቃው አንቶኒዮ ሪያልና የንግድ ሹሙ ሎሬንሶ ሞሬኖ፣ ከነሱም ጋር ዲዮጎ ፔሬይራና ጋስፓር ፔሬይራ፣ ከአካባቢው ንጉሥና ከነጋዴዎቹ ጋር የተጋመደ ጥቅም ነበራቸው። ጎዋ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ አታበቅልም። የእሷ ገቢ ከዐረብና ከፋርስ በሚመጣው ፈረስ ቀረጥ ላይ ነው፤ አልቡከርክ የፈረስ መርከቦችን ሁሉ ወደ ጎዋ አስገድዶ ማስገባቱም ለዚህ ነው። ከኮቺን ሲታይ ታዲያ ጎዋ ሰውና ገንዘብ የምትበላ፣ በየክረምቱ የምትከበብ፣ ዋና ከተማነትንም ልትነጥቅ የተነሣች ባዕድ ናት። ስለዚህ በየዓመቱ ጭነቱን ይዘው በሚሄዱት መርከቦች ላይ ደብዳቤ ይጭኑ ነበር፦ ገዢው ገንዘብዎን በጦርነት ያባክናል፣ ለወታደር ጥሎሽ ይከፍላል፣ ማንንም አይሰማም፣ ጎዋ አትረባም። ንጉሡም ክሱ ከመደጋገሙ የተነሣ ጎዋ ትለቀቅ ወይስ ትያዝ የሚለውን ካፒቴኖች ተሰብስበው እንዲመክሩበት አዘዘ። ምክክሩ «ትያዝ» አለ። ጥያቄው ከሊዝበን መነሣቱ ግን የሚያሳየው ነገር አለ፦ ኮቺን ግማሽ መንገድ ሄዳለች።

ክሱ ሁሉ ሐሰት ነበር አልልም። የጦሩ ወጪ ከባድ ነበር፣ ሰውየውም ቁጡና ምላሰ ስለታም ነበር፤ ለንጉሡ በሚጽፈው ደብዳቤ ውስጥ እንኳ ንጉሡን የሚገሥጽ ይመስላል። መሣሪያ አትልክልኝም፣ ሰው አትልክልኝም፣ የሚከስሱኝን ግን ታምናለህ ይለዋል በየገጹ። ለንጉሥ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ድል እስካደረገ ድረስ ነው የሚታገሡት።

በ1513 ግን ድል አላደረገም። የአልቡከርክ ስሌት ቀላል ነበር፦ የህንድ ውቅያኖስ በሮች ማላካ፣ ሆርሙዝና ኤደን ናቸው፤ ሦስቱ ከተዘጉ የካይሮና የቬኒስ የቅመም ንግድ ይደርቃል። ማርች መጨረሻ ላይ፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ ኤደንን ለመያዝ መሰላል ተሰቀለ። ሰዉ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም እያለ ስለተጋፋበት መሰላሉ ከክብደቱ የተነሣ ተሰበረ፤ ግንቡ ላይ የወጡት እዚያው ቀሩ። ቀይ ባሕር ገብቶ ካማራን ደሴት ላይ ከረመ፣ በሙቀትና በበሽታ ሰው ፈጀ፣ ምንም ሳይይዝ ተመለሰ። በ1514 ሙሉ ጎዋ ተቀምጦ አስተዳደር አደራጀ፤ አዲስ ከተማ አልያዘም።

እዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያውን ይዘርጉ። መርከቦች ከሊዝበን የሚነሡት በማርችና በኤፕሪል ነው፤ ህንድ የሚደርሱት ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ። ከህንድ የሚመለሱት ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ተነሥተው በቀጣዩ በጋ ሊዝበን ይገባሉ። የነፋሱ ሕግ ነው፤ ንጉሥም ገዢም አይለውጠውም። እንግዲህ የኤደን ሽንፈት ወሬ ሊዝበን የደረሰው በ1514 አጋማሽ ነው። ተተኪው ሎፖ ሶአረስ ደ አልበርጋሪያ ተሹሞ ከሊዝበን የተነሣው በ1515 ኤፕሪል ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት በማኑኤል ጠረጴዛ ላይ የነበረው ምንድን ነው? ኤደን ከሸፈ የሚል ዜናና ዓመታት ያስቆጠረ የኮቺን ክስ። ያልነበረውስ? ሆርሙዝ። አልቡከርክ ሆርሙዝ የገባው በ1515 ማርች መጨረሻ ላይ ነው፤ ተተኪው ከሊዝበን ሲነሣ ገዢው በሕይወቱ ትልቁን ሥራ ሊጨርስ ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ንጉሡ ድል አድራጊውን አልሻረም፤ በእሱ ዐይን የሻረው ዘመኑን ሁለት እጥፍ የጨረሰ፣ ኤደን ላይ የተመለሰና ሁሉም የሚያማርርበትን ሹም ነው። «ቀናበት» የሚለው ታሪክ የሚቆመው ንጉሡ ስለ ሆርሙዝ ያውቅ ነበር ካልን ብቻ ነው፤ ሊያውቅ ደግሞ አይችልም ነበር።

ወደ ዓባይና ወደ እኛ አገር ልምጣ። ግንኙነቱ እውነተኛ ነው። በ1508 አልቡከርክ በጓርዳፉይ ርእሰ ምድር አጠገብ መልእክተኞችን አሳርፎ ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር፤ ደርሰዋል። በሕፃኑ ልብነ ድንግል ስም አገር ያስተዳድሩ የነበሩት እቴጌ እሌኒ ደግሞ በበኩላቸው ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤና የመስቀሉን ግማድ አስይዘው ላኩ። ማቴዎስ በ1512 መጨረሻ ጎዋ ሲደርስ አልቡከርክ በክብር ተቀበለው። የኮቺን ወገን ግን ወዲያው «አስመሳይ ነው፣ የሙስሊሞች ሰላይ ነው» ብሎ ጻፈ። በምን አወቁ? አላወቁም፤ ገዢው ያመነውን ማጣጣል ገዢውን ማጣጣል ስለሆነ ነው። ወደ ፖርቱጋል የወሰዱት ካፒቴኖች መንገድ ላይ ስላንገላቱት በ1514 ሊዝበን ሲደርሱ ታሰሩ፤ ንጉሡ ማቴዎስን አመነው። ስለዚህ የኢትዮጵያው ጉዳይ አልቡከርክን አልጎዳውም፤ እንዲያውም ያተረፈበት ነው።

ዓባይን የማስቀየስ ሐሳቡን የሚዘግበው ልጁ በ1557 ያሳተመው የአባቱ ታሪክ ነው፦ በኢትዮጵያ ንጉሥ አገር አንዲት ኮረብታ ተቆርጣ ወንዙ ወደ ቀይ ባሕር ይለቀቅ፣ ለዚህም ከማዴይራ ደሴት ድንጋይ ጠርበው ቦይ የሚያወጡ ሰዎች ይላኩልኝ የሚል። ሐሳቡ የእሱ ፈጠራ አይደለም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1443 ለግብጹ ሱልጣን ጃቅማቅ በጻፉት ደብዳቤ ወንዙን ማስቀረት እንደሚችሉ፣ የሚከለክላቸውም ፈሪሃ እግዚአብሔር መሆኑን አስታውሰውታል፤ በሜዲትራንያን ዙሪያ ሁሉ የሚወራ ነገር ነበር። የዓባይን ሸለቆ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ያየ ሰው ከማዴይራ የመጣ ጠራቢ እዚያ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅተውም። ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጠልቆ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው፤ በእሱና በቀይ ባሕር መሐል ደጋው በሙሉ ቆሟል። አልቡከርክ ግን አገሩን አላየውም፤ ያየው ካርታና የሰማው ወሬ ነው።

በዚህ ምክንያት አለመውደቁን የሚያሳየው ማስረጃ አንድ ነው፣ እሱም ይበቃል። ተተኪውን ሎፖ ሶአረስን ያመጣው ያው ጓድ ማቴዎስንና ወደ ኢትዮጵያ የተላከውን አምባሳደር ዱዋርተ ጋልቫውን ይዞ ነው የመጣው። ንጉሡ ሰውየውን ሲሽር ከኢትዮጵያ ጋር የመተባበሩን ሐሳብ ግን አልሻረም።

ፍጻሜው አጭር ነው። ሆርሙዝ ላይ ወጣቱን ንጉሥ አስፈራርቶ የያዘውን ራይስ ሐሚድን ለድርድር በተጠራበት አስገደለው፣ ምሽጉንም ከስምንት ዓመት በኋላ ጨረሰው። በዚያ በጋ በተቅማጥ ተያዘ። ኖቬምበር ላይ ተሸክመውት መርከብ ወጣ። ወደ ጎዋ ሲመለስ ባሕር ላይ ያገኙት መርከብ ወሬውን ነገረው፦ አዲስ ገዢ መጥቷል። ዲዮጎ ሜንደስ ደ ቫስኮንሴሎስም መጥቷል፤ ያ አስሮ የሰደደው ሰው አሁን የኮቺን አለቃ ነው። ዲዮጎ ፔሬይራም ሹመት ይዞ ተመልሷል። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹ ያን ጊዜ «ስለ ሰዎች ብዬ ከንጉሡ፣ ስለ ንጉሡ ብዬ ከሰዎች ተጣላሁ፤ መሞት ይሻላል» አለ ይላሉ። ዓረፍተ ነገሩ ውብ ነው፣ ውብ ስለሆነም ጠንቀቅ ይበሉ፤ በሞት አልጋ ላይ የተነገሩ ቃላትን ጸሐፊዎች መሞረድ ይወዳሉ። ዲሴምበር 6 ለንጉሡ ያስጻፈው ደብዳቤ ግን አለ። በእጁ ያልጻፈው የሞት ምልክት የሆነ ስቅታ ስለያዘው መሆኑን ይናገራል፤ ልጁን አደራ ይላል፣ ሀብቱ ጥቂት፣ ውለታው ግን ብዙ መሆኑን ያስታውሳል፤ ህንድ ስለ ራሷም ስለ እሱም እንደምትናገር፣ የቀረውም የቀይ ባሕርን በር መዝጋት ብቻ እንደሆነ ይጽፋል። ዲሴምበር 16 ቀን 1515 ጎዋ እየታየች ሞተ። የገደለው ሕመሙ ነው። ሐዘኑ አፍጥኖት ይሆናል፤ የወራት ተቅማጥ የያዘው የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ግን ያለ ሐዘንም ይሞታል።

ንጉሡ መጸጸቱም እውነት ነው፤ እሱም በደብዳቤው ሕግ ነው የሚገባን። የግብጽ ጓድ ስዊዝ ላይ እየተዘጋጀ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ በ1516 ማርች ላይ አልቡከርክ ህንድ እንዲቆይና በቀይ ባሕር በኩል ያለውን ጦር እንዲመራ አዘዘ። ትእዛዙ ሲጻፍ ሰውየው ከተቀበረ ሦስት ወር አልፎት ነበር።

በጽሑፍዎ ላይ የምመክረው ይህን ነው። አንድ ምክንያት ብቻ ከፈለጉ «የኮቺንና የጎዋ ግጭት» ይበሉና በዚያ ይጽኑ፤ የደብዳቤውን ጉዞ ግጭቱ ውድቀት የሆነበት መንገድ አድርገው ያስገቡት። «የንጉሥ ውለታ ቢስነት» የሚለውን ርእስ ይተዉት፤ ያ አመለካከት በአብዛኛው የመጣው ከልጁ መጽሐፍ ነው፣ ልጅ ደግሞ ለአባቱ ጠበቃ ነው። ከልጁ መጽሐፍ በፊት የአልቡከርክን የራሱን ደብዳቤዎች ያንብቡ፤ ታትመዋል፣ ቁጣውንም ጭካኔውንም ሳይሸፍን ያሳያሉ። ከነሱ ጎን የአንቶኒዮ ሪያልን ክሶች ያስቀምጡ፤ ከሳሽን ሳይሰሙ ስለ ሽረት መጻፍ አይቻልም። ዓባይን አንድ አንቀጽ ይስጡት፣ ምዕራፍ አይስጡት።

ቦታ ከተረፈዎት ሎፖ ሶአረስ በ1517 ቀይ ባሕር ውስጥ ያደረገውን ይጨምሩ፤ የሁለቱን ሰዎች ልዩነት ከየትኛውም ትንተና ይልቅ ያሳያል። ኤደን በማምሉኮች መድፍ ግንቧ ፈርሶ ስለነበር ገዢዋ ከተማይቱን ላስረክብ አለው። ሎፖ ሶአረስ ጦር ሳያሰፍርባት ወደ ጂዳ አለፈ፣ ጂዳንም ሳይነካ ተመለሰ፤ አምባሳደር ጋልቫው ኢትዮጵያን ሳያይ ካማራን ላይ ሞተ፣ ዘይላም ተቃጠለች። በመመለሻው ኤደን ሲደርስ ግንቡ ተጠግኖ በሩ ተዘግቶ ጠበቀው። ማቴዎስ ምጽዋ የደረሰው በ1520፣ ከሎፖ ሶአረስ በኋላ በመጣው ገዢ ጊዜ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ደብረ ቢዘን ላይ ዐረፈ።